ጀርባችንን ለሐረማያ

ሌላ አገር ሰው ሽርሽር የሚወጣው ተፈጥሮን ለማየት ነው አሉ። ይሄዳል፣ ቆም ብሎ ያያል፣ ይመለሳል። አለቀ! እኛ ድሬዎች ግን እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አይመጥነንም። እኛ የምንወጣው ተፈጥሮ እኛን እንድታይ ነው፣ እሷም እስካሁን አይታ አልጠገበችንም።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ማታ ይጀመራል። ዶሮው ይበለታል፣ ሳንቡሳው ይጠቀለላል፣ ፔርሙዙ ይታጠባል፣ ምንጣፉና መከዳው ከሳሎን ይነሳል። ከሰል ማንደጃውም ይጫናል፣ ቡና ያለ ጭስ ቡና አይሆንማ። እሁድ ጠዋት ቤት የሚቀረው ቁም ሳጥኑ ብቻ ነው፣ እሱም የሚኒባሱ ጣራ አልበቃ ብሎት እንጂ ሐይቅ ማየት ጠልቶ አይደለም። ከቤት ለመውጣት ቤቱን ይዞ መውጣት! ይሄ ጥበብ ከየት መጣልን?

የምንወጣው ሙቀቱ ስላቃጠለን ነው፣ በዚህ አንታማም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ትጋገራለች፣ ሐረማያ ደግሞ ከነሐይቋ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ትቀዘቅዛለች፣ በመሃል የደንገጎ ዳገት አለ። ስለዚህ አየር ለመቀየር ደንገጎን እንወጣለን። ጠመዝማዛውን ጨርሰን ቀዝቃዛው አየር ገና ፊታችንን ዳሰስ ሲያደርገን ከኋላ ወንበር የአያት ድምፅ ይሰማል።

"ኧረ መስኮቱን ዝጋው! ልጁን ብርድ ሊመታው ነው እኮ!"

መስኮቱ ይዘጋል። ያን ሁሉ ዳገት የወጣንለት አየር ውጭ ይቀራል፣ እኛ ከድሬ ይዘን የመጣነውን አየር እየተነፈስን እንቀጥላለን። አቦ፣ ለጤናው እንዲህ የሚጨነቅ ሕዝብ የት ይገኛል? መስኮቱ እንደገና የሚከፈተው አንዱ ልጅ ሲያስመልሰው ነው። ፌስታሉ በጥንቃቄ ይቋጠራል፣ ጠበቅ መደረጉ ይታያል፣ ከዚያ በክብር ወደ ገደሉ ይሸኛል። ወዲያው መስኮቱ ይዘጋል፣ ብርድ ነዋ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ መኪናው ውሃው ጠርዝ ድረስ ይገባል። ራቅ ብሎ አቁሞ ትንሽ በእግር መሄድ ይቻል ነበር፣ ግን የመጣነው ለሽርሽር እንጂ ለስፖርት አይደለም። ሾፌሩም ጎማው ውሃ ከነካ አይቀር ብሎ መኪናውን እዚያው ያጥባል። የሳሙናው አረፋ ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ሕፃናቱ ያጨበጭባሉ፣ እነሱም ድርሻቸውን ነው።

ምንጣፉ ይነጠፋል፣ ትሪው መሃል ይቀመጣል፣ ዙሪያውን እንከባለን። የአቀማመጡን ብልሃት ልብ በሉልኝ። ግማሻችን ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተናል፣ ፊታችን ወደ ሐይቁ የሆነው ግማሽ ደግሞ ስልካችንን እናያለን። አንድም ሰው በስህተት እንኳ ውሃውን እንዳያይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁልጊዜ የሚያስቸግር አንድ ልጅ ግን አይጠፋም።

"አባዬ፣ ሐይቁ የታለ?"

"ይኸው ከኋላዬ። ብላ!"

"ሄጄ ልየው?"

"መጀመሪያ ጨርስ።"

ጨርሶ ይተኛል። የልጅ አስተዳደግ እንዲህ ነው።

ሐይቁን ጨርሰን ረሳነው ማለት ግን ሐሜት ነው። ፎቶ ላይ እንፈልገዋለን። ያኔም ቢሆን ጀርባ ሰጥተን ነው፣ "ትንሽ ዝቅ በይ፣ ውሃው በጆሮሽ በኩል ይግባ" እየተባባልን። ጆሮ ሥር የገባች አንዲት ጭላጭ ሰማያዊ ነገር ትበቃናለች፣ ከሥሯ "ከተፈጥሮ ጋር" ብለን እንለጥፋለን። ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ያለው ቤተሰብ ስፒከሩን ከፍ ሲያደርግ እኛም የኛን ከፍ እናደርጋለን፣ በሁለት ዘፈን መሃል ወፍ ቢጮህ ማን ይሰማዋል፣ ደግሞስ ወፎቹ ስፒከር ይዘው አይመጡም ነበር?

ሐይቁም ቻይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመረረው፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ጨርሶ ደረቀ። ሐረር ለዓመታት ስትጠጣው ኖራለች። ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫቱንና ድንቹን አጠጣበት። ከተራቆተው ዙሪያ ገባ በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ደግሞ ከሥር ሞላው። ታንኳ የነበረበት ላይ ከብት ጋጠ። ሐረርም ውሃ ፍለጋ ወደኛ ወደ ቆላው ወርዳ ከድሬ ጃራ ጉድጓድ ሽቅብ በቧንቧ ማስወጣት ያዘች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውሃው ተመልሷል፣ እሰይ። እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተን ስለነበር መሄዱንም መምጣቱንም ከሰው ነው የሰማነው።

በነገሩ ማዘኑን አናውቅበትም አይባልም፣ ለዚህ ሥርዓት አለን። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰው ይመረጥና ሐይቁን አልፎ አወዳይ ድረስ ይላካል። አወዳይ የጫት ገበያው አገር ነው፣ ለጅቡቲና ለሶማሊያ የሚጫነው ብዙው እዚያ ነው የሚታሰረው። መልእክተኞቹ እስሩን ይዘው ሲመለሱ መከዳው ይደረደራል፣ ለውዙና ለስላሳው ይቀርባል፣ በርጫው ይሞቃል። ምርቃናው ጫን ሲል አንዱ አጎት ለስላሳ ለስላሳውን ቀንበጥ እየመረጠ ወሬውን ይጀምራል። "ይሄን ሐይቅ እኮ የጨረሰው የመስኖ ጫት ነው" ይላል። ሁሉም አፉ ሙሉ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። "ወላሂ ልክ ነህ" ይላል ሌላው፣ እስሩን ወደ ራሱ ሳብ እያደረገ። መፍትሔም ይወጣል። የጥፍር ጫፍ ያህል እንኳ የሚቀር ነገር የለም፣ ዛፍ ይተከላል፣ እርከን ይሠራል፣ ሞተሩ ይታገዳል፣ ሐይቁ በአንድ ከሰዓት ውስጥ አፉ ድረስ ይሞላል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ይጎድላል።

ስንነሳ ባዶ እጃችንን ነው፣ የያዝነውን ሁሉ ለሐይቁ ሰጥተን። ሃይላንዱ፣ የጫት ገረባው፣ የዶሮው አጥንት፣ የሕፃኑ ዳይፐር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ፌስታሉማ ቁጥቋጦው ላይ ተሰቅሎ ጥቁርና ሮዝ አበባ መስሏል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በፓርላማ ጸድቋል፣ ግን ደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ አጥወልውሎት መንገድ የቀረ ይመስላል።

የሐረር ዘመዶቻችንስ ምናቸው ይታማል? እነሱ በእግር መውጣት የሚወዱ ናቸው። ከከተማው አናት ላይ ሐኪም ጋራ አለላቸው፣ ባጃጅ የሚያስኬደውን በባጃጅ፣ የቀረውን በእግራቸው ይወጡታል። ከላይ ሲታይ ጀጎል ከነግንቡ መዳፍ ላይ እንዳለ ሁሉ ቁልጭ ይላል። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ፣ ፈረንጅ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚያየው ከተማ ነው። የኛ ሰው እዚያ ቆሞ የሚፈልገው የራሱን ቤት ቆርቆሮ ነው። "ያ ነው" "አይ ያ የጎረቤት ነው" እየተባለ ይጨቃጨቅና ወደ ቤት ይደወላል። "ግቢ ውጣና እጅህን አወዛውዝልን!" ቤት የቀረው ልጅ ያወዛውዛል። አዩት አላዩት እንጃ፣ ግን ጋራው ተጎበኘ።

የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ባቢሌ ነው ተብሏል፣ ከሐረር በጅጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። አለፍ ሲል የዳካታ ሸለቆ አለ፣ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተሸካክሞ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ እያሰኘ ዘመናትን የቆመበት። ባለፈው እዚያም ደርሰን ስማችንን በቀለም ጽፈንለታል፣ ያለ ስማችን እስከዛሬ እንዴት እንደቆመ ነው የገረመን። በባቢሌ በኩል ደግሞ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ለዝሆን ተብሎ የተከለለ መጠለያ አለ። ይሄንን ሰምታ የማታውቅ ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴ ልጅ በጉጉት ጠየቀች።

"ባለፈው ስትሄዱ ዝሆን አያችሁ?"

"ለውዝ ገዛን" አለች እናቴ። "ትኩስ፣ አሁን የተቆላ። ሁለት ኪሎ።"

"ዝሆኑስ?"

"መንገድ ዳር አልነበረማ!"