በጣም እስማማለሁ

ባለፈው ማክሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳይንስ ሲወለድ አየሁ። ደስ ሲል!

የማስተርስ ተማሪ ነው፤ መጠይቁን ታቅፎ መጣ። ርዕሱን ታውቁታላችሁ፦ "የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ"፣ ከሥሩ የመሥሪያ ቤቱ ስም። ስሙን ብትቀይሩት ለባንክም ለወተት ፋብሪካም ይሆናል። የናሙናው ብዛት እንደ ወጉ በያማኔ ቀመር ተሰልቷል። ማን እንደሚሞላው ግን ቀመሩ አይናገርም።

ሥራ አስኪያጁ ሳይንስ አክባሪ ናቸው። "ጸሐፊዋ ጋ ተወው" አሉ። ጸሐፊዋ ወደ መዝገብ ቤት መራችው። መዝገብ ቤት ምሳ ወጥቷል። ዞሮ ዞሮ 32ቱም ቅጂ ጥበቃው እጅ ገባ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ከአምስቱ ሳጥኖች የመጨረሻዋን ከላይ እስከ ታች ራይት በራይት አደረጓት። አለቃዬ ራዕዩን ያጋራኛል? በጣም እስማማለሁ። በውሳኔ እሳተፋለሁ? በጣም እስማማለሁ። አሥረኛው ላይ እጃቸው ሲዝል ለሊስትሮው አካፈሉት። እሱም ባለሁለተኛ ዲግሪና የ20 ዓመት ልምድ ባለቤት ሆነ። ጾታ ላይ ግማሹን ሴት አሉት። ሚዛናዊ ሰው ናቸው።

ይህ እንግዲህ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ "ጉልህና አዎንታዊ ግንኙነት" ሆኖ ይወጣል። በጥቁር ሽፋን፣ በወርቃማ ፊደል ይጠረዛል። የአምናው ጥራዝ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ስክሪኑን ከፍ አድርጎ ይዟል። ጥናት ሥራ ላይ አይውልም ያለው ማነው?

አለቆቻችንም አዲስ ሐሳብ ይጠላሉ እንዳትሉ። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ተቀበሉ፣ ቢኤስሲ የሚሉት የውጤት መመዘኛ ሲመጣ ተቀበሉ፣ የጃፓኖቹን የሥራ ማሻሻያ ካይዘንንም። የአምስቱ የካይዘን ደረጃዎች፣ የ"ማ"ዎቹ፣ ፖስተር ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ "ማዝለቅ" የሚለው ጥጉ ብቻ ተልጦ ወድቋል። ጥልቅ ውይይት ካስፈለገም ቢሾፍቱ አለ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከነአበሉ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። አጠገቤ የነበረችው እናት ልጇን አዝላ ስትመላለስ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ፋይሏ ጠፍቷል። ለምን እንደሚጠፋ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አሳምራ ታውቃለች። አጥኚው አልጠየቃትም፣ ለእሱ የሚሆን ሳጥን የለውማ። አለቃዋም አልጠየቋትም። አንዱ በዚህች እናት ቀን ዲግሪውን ይጭናል፣ ሌላው ወንበሩን ያሞቃል። ያሳፍራል!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው። ተማሪው ተመልሶ መጠይቁን ሲሰበስብ እጅ ነሣ።

"ሁሉም ላይ ፈርሜልሃለሁ የኔ ልጅ" አሉት ጋሼ። "ማኅተም ካስፈለገህ ግን ነገ ና፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።"