የገባበት ሰዓት

ለንደን ውስጥ በፖሊስ ጣቢያዎች አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ሰው ተይዞ ሲመጣ የገባበት ሰዓትና ደቂቃ ይጻፋል። የሚጽፈው መኮንን በምርመራው ውስጥ የለበትም። የእሱ ሥራ የታሳሪውን አያያዝ መከታተል ነው። መብቱን ሲነግረው እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፦ ዝም ማለት ትችላለህ፤ ጠበቃ በነፃ ይመጣልሃል፤ መታሰርህን ለቤተሰብህ እንነግርልሃለን። መታሰሩ ተገቢ መሆኑ በ6 ሰዓት ውስጥ ይታያል፣ ከዚያ በየ9 ሰዓቱ።

ባለፈው ታኅሣሥ ጅማ ሄጄ ነበር። ባጃጅ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ በሰው ጠብ ተጠርጥሮ ሐሙስ ማታ ተያዘ። አርብ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ምሳ ዕቃ ይዘን ጣቢያ ሄድን። ጥበቃው ክዳኑን ከፈተና «እማማ፣ ይቅመሱልኝ» አላት። የነቢያት ጾም ነው፤ አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። አንዴ አየችኝ። ከሽሮው አንድ ጉርሻ ቆርሳ ዋጠች። «ለልጄ ብዬ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። ልጇን ግን አላሳዩዋትም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እንግሊዝ አገር እኮ በፍርድ ቤት ፈቃድ ያለ ክስ እስከ 96 ሰዓት ማቆየት ይቻላል። በወረቀት የእኛው ይሻላል። ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም የሚል አለበት፤ ከዚያ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤቱ ግን በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የእኛ ልጅ የቀረበው ሰኞ ነው። መርማሪው የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም አስሮ ለመመርመር ተጨማሪ ቀን፣ ጠየቀ። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልገደበም። ሰው ሳይከሰስ ወር የሚከርመው በዚች ቀዳዳ ነው። ይህ መዘጋት አለበት።

የቋንቋውም ነገር አለ፤ ጣቢያው የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። የእኛ ልጅ ጅማ ተወልዶ ስላደገ ኦሮምኛው እንደ አማርኛው ነው። ለቡና ለቀማ ከሩቅ መጥቶ ኦሮምኛ የማይችል ሰውስ የፈረመበት ቃል ምን እንደሚል በምን ያውቃል?

ለንደንን ላሞግስ አይደለም። ጥቁር ሰው ከነጭ በብዙ እጥፍ መንገድ ላይ ይፈተሻል። የእኔም ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለቴ ተፈትሿል። በጣቢያው ያለው ጥንቃቄም ቢሆን በሰው ስቃይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሦስት ወጣቶች በሰው ግድያ ተጠርጥረው ተያዙ። ያለ ወላጅና ያለ ጠበቃ ተመርምረው ያላደረጉትን አመኑ፤ ተፈረደባቸው። ፍርዱ የተሻረው በ1975 ነው። ጉዳዩ ባስነሳው ጥያቄ ሕጉ ተመርምሮ በ1984 አዲስ አዋጅ ወጣ። ሰዓቱም፣ የምርመራው የድምፅ ቅጂም፣ ተረኛ ጠበቃውም ከዚያ አዋጅ የመጡ ናቸው።

የጅማዋ ዳኛ የፖሊስን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ የአክስቴ ልጅ ማክሰኞ በዋስ ወጣ። ዋስትናውን ስንጨርስ መዝገቡን ለማየት ጠየቅኩ። መኮንኑ ቅን ሰው ነበር፣ ገልጦ አሳየኝ። የልጁ ስም አለ፣ ቀኑም አለ። ሰዓት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከላይም ከታችም የተጻፉት ስሞች እንደዚያው ናቸው።