ይቺን ቀለበት ተዉኝ!

ኧረ ጎበዝ! ስፔሰር የሚሏትን ቀለበት አንድ በሉኝ። መኪናዬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ሲደክማት ያየ ሁሉ መካሪ ሆኗል። ደሴ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ "ስፔሰር አስገባላት እንጂ!" ኮምቦልቻ ጎማ ላስነፋ ስቆም "ስፔሰር!" የእህቴ ባል እንኳ ለዒድ ቤቱ ጠርቶኝ፣ ማዕዱ ሳይቀርብ ስለ ቀለበት ጀመረ። ሰላም መባባል ቀረ እኮ!

ለማታውቋት፣ የአሉሚኒየም ቀለበት ናት። ውፍረቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ግድም ነው። አየር የሚያስገባው ስሮትልና አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ መሃል ትገባለች። አንዳንዷ ውስጧ እንደ ቪቴ ጥርስ አላት። አየሩን ታሽከረክረዋለች፣ ከቤንዚኑ ጋር በደንብ ታዋህደዋለች፣ ጉልበት ትጨምራለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች ይላሉ። ሰውን የምትበላው ይቺ "ነዳጅ ትቆጥባለች" የምትለዋ ናት። ቤንዚን ሊቀዳ ተሰልፎ የዋለ ሰው ምን ይበል? ይገዛል።

እስቲ አንድ ጥያቄ። እዚያ ቦታ ላይ የትኛው ቤንዚን ነው የሚዋሃደው? እዚህ ከተማ የሚርመሰመሱት ቪትዝና ኮሮላዎች ኢንጀክተራቸው ያለው ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ አጠገብ ነው። ቤንዚኑን የሚረጨው ቫልቩ ደጃፍ ላይ ነው። በስሮትሉ የሚያልፈው ባዶ አየር ብቻ ነው። ያ የተሽከረከረ አየር ደግሞ ወዲያው ሰፊው የማኒፎልድ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሽክርክሪቱም እዚያው ይሞታል። "የአየሩን ቱቦ ታረዝመዋለች" የሚሉም አሉ። የቱቦ ርዝመት ጉልበት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ እውነት ነው። ግን ያ ቱቦ ከማኒፎልዱ ሆድ ተነስቶ እስከ ቫልቩ የሚሄደው ነው። ቀለበቷ የምትገባው ከሆዱ በፊት ነው። ታዲያ ምኑን ነው የምታረዝመው?

ሐቁን ለመናገር፣ በካርቡሬተር ዘመን ነገሩ ወሬ ብቻ አልነበረም። ካርቡሬተር ቤንዚኑን እዚያው አየሩ ውስጥ ይለቀዋል። ከስሩ የምትገባ ቀለበት ለድብልቁ ትንሽ ቦታ ትጨምርለታለች። ሙቀት ከማያስተላልፍ ነገር ከተሰራች ደግሞ የሞተሩ ግለት ቤንዚኑን ካርቡሬተሩ ውስጥ እንዳያፈላው ትከላከላለች። አሉሚኒየም ይሄን እንኳ አይሰራም፤ ሙቀቱን ራሱ ያሳልፋል። ኒሳን 350ዜድ የምትባል የስፖርት መኪና ላይም የማኒፎልዱን ክዳን ከፍ የምታደርግ ስፔሰር አለች። የፊተኞቹ ሲሊንደሮች ጋ መተላለፊያው ጠበብ ስለሚል በዳይኖ፣ በጉልበት መለኪያው ማሽን ተለክቶ ጉልበት የጨመረችበት ጊዜ አለ። እሺ፣ ጥሩ። ደሴ ፒያሳ ላይ 350ዜድ የሚነዳ እጁን ያውጣ!

የእኛ መኪኖች በሽታ ሌላ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አላት። ደሴ ስትደርስ 50ዎቹ ውስጥ ናት። በዚያ ላይ አምስት ሰው ከነጓዙ ጭነህ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ሐረጎን ውጪ ትላታለህ። ቀለበት የጦሳን ተራራ ዝቅ ታደርገዋለች እንዴ?

"እኔ ግን ተሰማኝ" ይሉኛል። ይሰማሃል እንጂ! መካኒኩ ቀለበቷን ሊያስገባ ስሮትሉን ይፈታዋል። ሲፈታው በጥላሸት ጠቁሮ ያገኘዋል፤ ያጥበዋል። እግረ መንገዱን የአየር ፊልትሮውን አቧራ ያራግፋል። ባትሪ ነቅሎ ይመልሳል፤ ኮምፒዩተሩም የለመደውን ረስቶ እንደ አዲስ ይማራል። መኪናዋ ቀለል ስትል ምስጋናው ለማን? ለቀለበቷ! ያጠበው ልጅ እኮ የሻይ እንኳ አልተሰጠውም። እነዚያ ጥርስ ያላቸው ደግሞ ያፏጫሉ። ሰዉ ፉጨቱን ጉልበት ይመስለዋል። በዚያ ገንዘብ ካንዴላና ፊልትሮ ቢቀየር፣ ጎማው በልኩ ቢነፋ ምን ነበረበት?

መጋጠሚያውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮን በደንብ ካልተቀመጠ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ሞተሩ ሲስብ አየር በቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። መኪናው ቆሞ ሲሰራ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ከዚያ "ሴንሰሩ ነው" ይባላል፤ ሴንሰር ትገዛለህ። አይጠፋም። ሌላ ሴንሰር ትገዛለህ።

አንዱ መለዋወጫ ሻጭማ "አብሽር ጋሼ፣ ናፍጣም ላይ ትሰራለች" አለኝ። ወላሂ አፌን ይዤ ቀረሁ። የድሮ ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ነው። እንደ ቤንዚኑ አየር የሚገድብ ስሮትል የለውም። ታዲያ የት ልትገባ ነው፣ ስፖንዳው ላይ?

አሁን ለምትምሉባት ሁሉ ጥሪ አለኝ። አንድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ እንገናኝ። ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ ያው ጭነት። ሐረጎ ላይ አንድ ዳገት መርጠን በሦስተኛ ማርሽ እንውጣ። መጀመሪያ ስሮትሉ ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይጽዳ። ከዚያ ቀለበቷ ሳትገባም ገብታም ሰዓቱን በስልክ እንያዝ። ቪዲዮውን እዚሁ እለጥፋለሁ። ልዩነት ካመጣች ለእኔም፣ ለእህቴ ባልም እገዛለሁ። ይሄን ስላቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ "ይሄማ በሰዓት አይለካም፣ በእግር ነው የሚታወቀው!"