ለምርጫ ሰሞን አዳኞች ምስጋና ይድረስ

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ የሚወድ ሰው በምርጫ ሰሞን የሚያገኘውን ክብር በሌላ ጊዜ አያገኘውም። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲቃረብ ግን ዕጩው ሁሉ ወገናችን ይሆናል። ሱፉን ያወልቃል። ቅጠላ ቅጠል የተሳለበት ጃኬት ይለብሳል። ጠመንጃ ያነግትና ካሜራ አስከትሎ ጫካ ይገባል።

እሰይ! ሕዝብን ማክበር እንዲህ ነው።

እኔ ዒላማ ተኳሽ ነኝ። ወረቀት ከመብሳት ያለፈ ገድል የለኝም። ስለዚህ እነዚህን ጀግኖች ሳመሰግን ከልቤ ነው። (ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው። ምርጫውም የነሱ ነውና።)

በ2004ቱ የፕሬዝዳንት ዕጩ በጆን ኬሪ ልጀምር። ኦክቶበር 2004፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ኦሃዮ ግዛት ዝይ ሊያድኑ ወጡ። ዝይ ሌላ ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ኦሃዮ ውጤቱን ትወስናለች ተብሎ ስለተሰጋ ነው። አዳኞቹ አራት፣ የወደቁት ዝይዎችም አራት። ሌሎቹ ግዳያቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ ዕጩው ግን ጠመንጃቸውን ብቻ ይዘዋል። ጋዜጠኞች «ያንተስ የታለ?» ሲሏቸው፣ ለመሸከም ሰነፍኩ የሚል መልስ ሰጡ። በዚያ ዘመቻ ሁሉ እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ ከማንም አልተሰማም።

የተቀናቃኛቸው የቡሽ ምክትል ዲክ ቼኒ በኬሪ የአደን ጃኬት አሾፉ። ቼኒማ የለየላቸው አዳኝ ናቸው፤ መብታቸው ነው። በፌብሩዋሪ 2006 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ድርጭት እመታለሁ ብለው ዞር ሲሉ የ78 ዓመት ወዳጃቸውን ፊትና ደረት በእርሳስ ፍንጣሪ ሞሉት። ደግነቱ ሰውዬው ተረፉ። ከሆስፒታል ሲወጡም ቼኒና ቤተሰባቸው በዚህ ነገር ባዩት እንግልት ማዘናቸውን ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ሐዘኔታውን የገለጹት የተመቱት ናቸው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጣችሁ።

ሚት ሮምኒ በ2007 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ዕድሜ ልኬን አዳኝ ነበርኩ አሉ። የገዛ ቡድናቸው ሲጠየቅ ሁለት ጊዜ ነው አለ። ከዚያ ራሳቸው ወጥተው አብራሩ፤ ያደንኩት ትናንሹን አውሬ ነው፣ አይጥና ጥንቸል። እውነቱን ለመናገር ጥንቸል መምታት ቀላል አይደለም። ትንሽ ናት፣ ትሮጣለች። አይጥ ጥሎ «ዘራፍ!» ያለ ሰው ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ አልሰማሁም ነበር።

ቴድ ክሩዝስ? በ2015፣ እሳቸውም ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ስስ የአሳማ ሥጋ በጠመንጃቸው አፈሙዝ ዙሪያ ጠቀለሉ። በፎይል ሸፈኑት። ከዚያ ብረቱ ግሎ ሥጋው እስኪበስል ተኮሱ። በሉትም። መሣሪያ የመያዝ መብት ስለሚሰጠን ስለ ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከዚህ የጠለቀ ማብራሪያ አላየሁም። የጥይት ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ግን ያቺ ቁርስ ርካሽ አይደለችም።

የኔ ሰው ግን ጆ ማንችን ናቸው፤ እንደኔው ወረቀት ተኳሽ። በ2010 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ለሴኔት ሲወዳደሩ፣ ያልወደዱትን የአየር ብክለት ሕግ ረቂቅ እንደ ዒላማ አቁመው በጠመንጃ በሱት። ኤንአርኤ፣ ማለትም ትልቁ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር፣ ደገፋቸው። ሕዝቡም መረጣቸው። በ2013 እኚሁ ሰው ጠመንጃ ገዢው ማን እንደሆነ የሚጣራበት ደንብ ይስፋ የሚል ሐሳብ አመጡ። በሴኔቱ 54 ድጋፍ አገኙ፤ 60 ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ። ኤንአርኤም ማስታወቂያ አስነገረባቸው። ሰውዬው ያው ናቸው። ጠመንጃውም ያው ነው። የወደድነው ሲተኩሱ ነበር፤ ሲጽፉ አስጠሉን።

በ2024 ደግሞ ሁለቱ ተጣማሪዎች፣ የፕሬዝዳንትና የምክትል ዕጩዎቹ፣ አብረው ታጠቁ። ካማላ ሃሪስ ግሎክ ሽጉጥ አለኝ አሉ። ቲም ዋልዝ ሚኒሶታ ውስጥ ፌዛንት የምትባለዋን ወፍ ሊያድኑ ወጥተው ከቤሬታ ጠመንጃቸው ጋር ሲታገሉ ተቀረጹ። ሰውዬው ለዓመታት ያደኑ ናቸው እኮ! ግን ምን ዋጋ አለው? ቪዲዮዋን እያቆምን፣ እየመለስን አየናት። ጣታቸው የት ነበር? አፈሙዙ ወዴት ዞሯል? ጥይት ማጉረስ ይችላሉ፣ አይችሉም? ስለ ጠመንጃ ሕግ ምን እንደሚያስቡ የጠየቀ አንድ ሰው በመካከላችን ቢኖር ኖሮ በጩኸት እናባርረው ነበር።

ዋናው ምስጋና የሚገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ለኛ፣ ለተኳሾቹ። ዕጩው የቆመው ቲያትር ተመልካች ስላለው ነው። እኛ የጃኬት እጥፋት ከሩቅ እናውቃለን። አዲስ ቦት ጫማ ከአሮጌ እንለያለን። ፊርማ ማንበብ ግን አልለመደብንም።

ለምሳሌ ሮናልድ ሬገን። ወገናችን ናቸው። በ1980 ኤንአርኤ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፕሬዝዳንት ዕጩ ድጋፉን የሰጠው ለሳቸው ነው። እኚሁ ወገናችን በ1967 የካሊፎርኒያ ገዥ ሳሉ፣ ብላክ ፓንተሮች የሚባሉት የጥቁሮች መብት ታጋዮች መሣሪያ ይዘው የግዛቲቱን ምክር ቤት ከጎበኙ በኋላ፣ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ አደባባይ መውጣትን የሚከለክል ሕግ ፈረሙ። በ1986 የፈረሙት ሕግ ለጠመንጃ ባለቤት ብዙ ነገር አላልቷል፤ በዚያው ላይ ግን አዲስ መትረየስ ለግለሰብ እንዳይሸጥ አደረገ። በ1994 ደግሞ ከፎርድና ከካርተር ጋር ሆነው፣ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ላይ የሚጣለውን እገዳ አጽድቁ ብለው ለአሜሪካ ምክር ቤት ጻፉ። ፎቷቸው ግን ያምራል። ፈረስ ላይ ደግሞ ይብሳሉ።

በሌላ በኩል ባራክ ኦባማ። ጠላት! በ2009 የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ተሸጉጣ ነበር፤ የግዛቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ በብሔራዊ ፓርኮች መሣሪያ መያዝ ይቻላል የምትል። እኛ በወቅቱ ይህን ለማንበብ ጊዜ አልነበረንም። ጥይት ልንገዛ ተሰልፈናል። በተለይ በ2013፣ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤቱ እልቂት በኋላ፣ ሕግ ይመጣል ተብሎ መደርደሪያው ሁሉ ተራቆተ። ከሁሉም በላይ የጠፋችው የ.22 ጥይት ናት። ይህቺ ልጅ መተኮስ የሚማርባት፣ ወረቀት የምንበሳባት ትንሿ ጥይት ናት። ትከልከል ያላት ሰው አልነበረም። ቢሆንም በካርቶን ተጫነች። ሕጉም አልመጣም፤ ጥይቷም ለረጅም ጊዜ አልመጣችም።

ከዚያ ወዳጃችን ዶናልድ ትራምፕ መጡ። በፌብሩዋሪ 2018 በቴሌቪዥን ፊት፣ አደገኛ ከተባለ ሰው መጀመሪያ መሣሪያውን መውሰድ፣ የፍርዱን ሂደት ኋላ ማየት የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መንግሥታቸው ባምፕ ስቶክን ከለከለ። ይቺ በሰደፍ ቦታ የምትገጠም ነገር ጠመንጃው በራሱ እርግጫ ቶሎ ቶሎ እንዲተኩስ የምታደርግ ናት። ያላችሁ በ90 ቀን ውስጥ አጥፉ ወይም አስረክቡ ተባለ። ካሳ የሚባል ነገር የለም። ይህን ኦባማ አድርገውት ቢሆን ጩኸታችን ካናዳ ይሰማ ነበር። ወዳጅ ሲያደርገው ግን ጨዋ ሆንን። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ደንቡን ሻረልን። ድሉንም ለወዳጃችን ቆጠርንላቸው።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ልጨምር። በ2020፣ በወረርሽኙና በምርጫው ዓመት፣ ጠመንጃ ገዢ በሚጣራበት በፌዴራሉ ማጣሪያ በኩል ከ39 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ አለፈ። ሁሉም ሽያጭ አይደለም፤ ክምሩ ግን ክምር ነው። በተቃራኒው በ2016 ወዳጃችን ሲያሸንፉ ፍርሃቱ ጠፋ፣ ሽያጩም ቀዘቀዘ። ከ1816 ጀምሮ ጠመንጃ ሲሠራ የኖረው ሬሚንግተን በማርች 2018 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። የእርስ በርስ ጦርነቱን፣ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች፣ ኦባማን ያለፈ ፋብሪካ! በወዳጅ ዘመን ወደቀ።

ስለዚህ ለጠመንጃ ፋብሪካ የሚቆረቆር ተኳሽ ማንን መምረጥ እንዳለበት ግልጽ ነው። መሣሪያችሁን ሊነጥቃችሁ ነው የተባለውን። እሱ ሲገባ ፋብሪካው ሌሊትም ይሠራል፣ ነጋዴው ዋጋ ይቆልላል፣ ኤንአርኤ መዋጮ ይሰበስባል፣ እኛም ምድር ቤታችንን በጥይት ካርቶን እንሞላለን። አንዷንም አንተኩሳትም። ለክፉ ቀን ናት።