እሺታዋን ሳትሰሙ ሙሽራ አታድርጓት

ወገኖቼ፣ ልጃችሁን ለባለሀብት ወይም ከውጭ ለመጣ ሙሽራ ለመዳር የቸኮላችሁ ሁሉ፣ የኮንሱየሎ ቫንደርቢልትን ታሪክ ልንገራችሁ።

ኮንሱየሎ የአሜሪካ የባቡር ከበርቴዎች ልጅ ነበረች። እናቷ አልቫ ግን ሀብቱ አልበቃትም፤ ልጇ የእንግሊዝ ዱቼስ፣ ማለትም የዱክ (የመስፍን) ሚስት፣ እንድትባል ፈለገች። ልጅቷ ዊንትሮፕ ራዘርፈርድ የሚባል ሰው ትወድ ነበር። እናቲቱ እንዳይገናኙ አደረገች፤ ሰውየውን በጥይት እገድለዋለሁ ብላም ዛተች። ኮንሱየሎ አሁንም እምቢ ስትል እናትሽ በልብ ሕመም ወድቃለች፣ ከጸናሽ የምትሞተው በአንቺ ምክንያት ነው ተባለች። ያን ጊዜ ተሸነፈች።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ኒውዮርክ ውስጥ ስትዳር 18 ዓመቷ ነበር። በሠርጉ ጠዋት በክፍሏ በር ላይ ጠባቂ ቆሞባት ነበር። በልቅሶ ፊቷ ስላበጠ ቤተ ክርስቲያን የደረሰችው አርፍዳ ነው። ሙሽራው፣ የማርልቦሮ ዱክ፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ወሰደ፤ ብሌንሃይም የተባለው ያረጀ ቤተ መንግሥቱም በዚያ ገንዘብ ታደሰ። እርሱም ቢሆን ልቡ ከሌላ ሴት ጋር ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፣ በ1906 ተለያዩ፣ በ1921 ተፋቱ።

እኛ በር ላይ ጠባቂ አናቆምም። «የእናትሽ ደም ግፊት ተነሳ» ማለት ይበቃናል፤ ካልሆነም የጡቴ እርግማን ይድረስብሽ እንላለን። ይህ ምክር አይደለም፣ ማስገደድ ነው! በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕጋችንም የተጋቢዎቹን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል። «እሷም እሺ ብላለች» ትላላችሁ። ኮንሱየሎም በመሠዊያው ፊት እሺ ብላ ነበር።

አልቫን የማከብራት በአንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ጋብቻው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲሻር በታየ ጊዜ፣ ልጄን ያስገደድኳት እኔ ነኝ ብላ መሰከረች። ጋብቻውም ፈረሰ። ግን ከሠርጉ 31 ዓመት ገደማ አልፎ፣ ልጅቷ ወጣትነቷን ከጨረሰች በኋላ ነው።

እናንተ ለሽምግልና የምትላኩ አባቶች፣ ጉዳዩ በእጃችሁ ነው። ቡናው ከመቅረቡ በፊት እናትና አባት ይውጡና ልጅቷን ለብቻዋ ጠይቋት። ዝም ካለች፣ ጨዋነት ነው ብላችሁ አትለፉት። ካለቀሰችም ሳትመርቁ ተነሱና ውጡ።