ማግኒቶ አራተኛ?

ትናንት ማታ ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፍቶ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ተቀምጠናል። ጨዋታው የኮሚክ መጽሐፍ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ክፉ ገጸ ባሕርያትን ደረጃ ማውጣት ነው። አንዱ በስልኩ መብራት እያየ ካርቶን ላይ ጻፈ፦ ታኖስ አንደኛ፣ ጆከር ሁለተኛ። የኤክስ-ሜን ኮሚኩ ማግኒቶ አራተኛ! ደሜ ፈላ።

ምን ነካችሁ? ማግኒቶ እኮ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ተራ ክፉ ነበር። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት ነው በ1980ዎቹ ከናዚ የሞት ካምፕ የተረፈ ልጅ ያደረገው። ወገኑ ሲያልቅ በዓይኑ ያየ ሰው ዳግም አይደርስብንም ብሎ ሲነሳ፣ እንዴት ብለህ ትጠላዋለህ?

ታኖስንም ቢሆን አታውቁትም። የአቬንጀርስ ፊልም ላይ ሀብት እንዳያልቅ ብሎ ነው የፈጀው። ኮሚኩ ላይ ግን ሞትን አፍቅሮ ነው። ሞት እዚያ ሴት ናት። እሷን ደስ ለማሰኘት የፍጥረትን ግማሽ አጠፋ! ይህን ስነግራቸው «አታካብድ» አሉኝ። አላካበድኩም። መነሻውን ሳያውቁ ደረጃ መስጠት ያንገበግባል።

ሌላው የኮሚክ ክፉ ዶክተር ዱም ደግሞ ካርቶኑ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም። የእናቱን ነፍስ ከሲኦል ለማውጣት የታገለ ሰው!

ካርቶኑን ተቀብዬ ቤት ይዤው ገባሁ። በሻማ ሰርዤ ደልዤ እንደገና ጻፍኩት። ጆከርን ብቻ ከቦታው አልነካሁትም።