ደጋን ተወጥሮ አይቀመጥም

ከላይ አስተያየት የሰጡ አንዳንድ ወገኖች፣ ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረበ የእንግሊዝ ረጅም ደጋን ቅርጹን እንዳያጣ አውታሩ ሁልጊዜ እንደተወጠረ መቀመጥ አለበት ብለዋል። በአክብሮት ለማረም ያህል፣ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለረጅም ጊዜ ጎብጦ የሚቆይ እንጨት፣ ወደ ተኳሹ በሚዞረው ሆዱ በኩል ያሉት ቃጫዎች ተጨምቀው ስለሚደክሙ፣ አውታሩ ከወለቀ በኋላም ጎባጣ ሆኖ ይቀራል፤ ጉልበቱ ስለሚቀንስም ፍላጻው እንደ ቀድሞው ርቆ አይሄድም። የሚያሳዝነው፣ የደከመ ቃጫ ወደ ነበረበት ሙሉ በሙሉ አለመመለሱ ነው።

ለማረጋገጥ አውታሩን አውልቃችሁ የደጋኑን ጀርባ ከቀጥ ያለ ግድግዳ ጋር አስጠጉና ከሁለቱም ጫፎች እስከ ግድግዳው ያለውን ክፍተት በየጊዜው ለኩ፤ በአንደኛው በኩል ብቻ እየሰፋ ከሄደ የደጋኑ ክንዶች፣ ማለትም ከመሃል መያዣው ወደ ሁለቱ ጫፎች የሚዘረጉት ክፍሎች፣ ሚዛን እየተዛባ ነው። ከተኩስ በኋላ አውታሩን አውልቃችሁ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ በሁለት ኩላቦች ላይ አግድም አስቀምጡት።